ያልተሰማኝ ፍም

ቢቸና ገበያ ዳር ባለው የልብስ ሰፊዎች በረንዳ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀኛል። አስማረ እባላለሁ፤ ሃምሳን ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ። ይህን የምጽፈው መጻፍ ስለሚሆንልኝ አይደለም፤ እንዲያውም ከመርፌ ሌላ ቀጭን ነገር ስይዝ እጄ ይተሳሰራል። የምጽፈው ሰው «ምን ሆነህ ነበር?» ባለኝ ቁጥር ከሥሩ ጀምሬ ማውራት ስለታከተኝ ነው። ደግሞ ጠያቂዎቼ ሁሉ አዳምጠው፣ ከንፈራቸውን መጠው፣ እንኳን እግዜር ማረህ ብለው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። ይኼ ነው ደሜን የሚያፈላው። እኔንስ ምሮኛል፣ ቢያንስ እስከ ዛሬ። የምፈራው ለእነሱ ነው።

ከሥራዬ ልነሳ። የስፌት መኪናዬ ድሮ በእግር የምትረገጥ ነበረች። ጠዋት የጀመርኩ እስከ ማታ ስረግጥ እውልና ማታ ቅልጥሜን ሲቆረጥመኝ መኪናዋንም የሠራትንም እረግም ነበር። ኋላ ዲናሞ የምንለውን ትንሽ ሞተር ከባሕር ዳር አስመጥቼ ገጠምኩላት። ከዚያ ወዲያ ቀኝ እግሬን ፔዳሏ ላይ ጣል ማድረግ ብቻ ነው፤ በጣቴ ጫፍ ጫን ሳደርጋት ትበራለች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከጎኔ የሚሰፋው ዋለልኝ ሙያውን አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ነው፤ እሱም ሳይውል ሳያድር አስገጠመ። አሁን ገና ከሎሌነት ወጣን ተባባልን። መብራት ሲጠፋ እንኳ ተመልሶ እስኪመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን እንጂ ተነስተን ወዲህ ወዲያ ማለት የለም።

ደግሞ እኛ ዘንድ ሰፊ ከመኪናው አይነሳም። ከተነሳ ደንበኛው ሥራ ፈቷል ብሎ ይቆጣል። ስለዚህ ሁሉ ነገር እሱ ወዳለበት ይመጣል፤ ምሳው፣ ክሩ፣ ሻዩ። ልብሱ ቶሎ እንዲደርስለት የፈለገ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከጎናችን ካለው ሱቅ ለስላሳ አዝዞ፣ አስከፍቶ፣ መኪናህ ላይ ያስቀምጥልሃል። አልጠጣም ማለት ልብስህን አልሰፋልህም እንደማለት ነው፣ ሰው ይቀየማል። በበዓል ሰሞን ባለሱቁ መጥቶ እስኪሰበስበው ድረስ ባዶ ጠርሙስ እግሬ ሥር ተደርድሮ ይውላል። በሁዳዴ ደግሞ ይብሳል፣ ለስላሳ የጾም ነዋ።

ሆዴ ገፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ሱሪው ሲጠብበው ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን ሰፊ ነኝ፤ በየበዓሉ የሱሪዬን ወገብ እተረትርና ጨርቅ አስገብቼ አሰፋዋለሁ። በዕድሜዬ አንድም ሱሪ ጠቦኝ አያውቅም። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል፤ ሰውነቴ የላከብኝን ማስጠንቀቂያ በገዛ እጄ ስተረትር ኖሬያለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ «ተመችቶሃል» ይለኛል። ባለቤቴ የሻረግ ትኮራለች፤ ባሏን ደህና አድርጋ የያዘች ሴት መባል ደስ ይላታል። ቤታችን ከበረንዳው ሩቅ አይደለም፤ ቢሆንም በባጃጅ ነው የምወጣ የምገባው። የተመቸው ሰው በእግሩ ሲሄድ ቢታይ፣ ምን ነካው ይባላል።

ነገሩ የጀመረኝ በጥማት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነበር። ውሃ እጠጣለሁ፣ አልረካም። የጠጣሁት ደግሞ ወዲያው ሽንት ሆኖ ይወጣል። አይነሳም የተባለው ሰፊ በየጊዜው እየተነሳ ወደ ጓሮ መሮጥ ሲጀምር ዋለልኝ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ዓይኔ ፈዘዘ፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ። ዕድሜ ነው ብዬ ከገበያ መነጽር ገዛሁ። እግሬን ደግሞ ማታ ማታ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል፣ ቀን ላይ ደንዘዝ ይላል። ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲውል እግሩ ቢደነዝዝ ምን ይገርማል? እንዲህ እያልኩ ለእያንዳንዱ ምክንያት አገኘሁለት። ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጬ አላየኋቸውም።

የሻረግ ጎትጉታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደሜን አይተው ታይፎይድ ነው አሉኝ፤ መርፌ ተወጋሁ፣ አልተሻለኝም። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እዚያ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ፤ ክኒን ዋጥኩ። እግሬን ይደነዝዘኛል ስላቸው ነርቭ ነው ብለው የቫይታሚን መርፌ አዘዙልኝ። ስኳሬን ማንም አልለካኝም፣ እኔም ለኩኝ አላልኩም። ስኳር በሽታ የባለጸጋ፣ የትልቅ ከተማ ሰው በሽታ ነው ብዬ ነበር የማምነው። በየክሊኒኩ ወረፋ ስጠብቅ የማስበው ስለ በሽታዬ ሳይሆን ስለተቆለለው ጨርቅ ነበር።

ሁዳዴ ገባና መክሳት ጀመርኩ። ያ ሁሉ ሆድ በጥቂት ሳምንት ሟሸሸ። የሱሪዬን ወገብ ያሰፋሁበትን ጨርቅ እያወጣሁ መልሼ አጠበብኩት። ሰዉስ? ሰዉ አመሰገነኝ። ጾሙን ከልቡ ይዞታል፣ ፊቱ በራ አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ስለነበር ጥማቱም፣ ድካሙም፣ ክሳቱም የጾሙ ነው ተባለ። አገር ሁሉ በሚከሳበት ጊዜ የእኔን ክሳት ማን ለይቶ ያያል? የሻረግ ብቻ አንድ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ የጎድን አጥንቴን በጣቷ ቆጠረች። «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» አለችኝ። ተቆጣኋት። አላርፍ ብላ ከአባቷ ቀፎ የተቆረጠ ነጭ ማር አምጥታ፣ ሰውነቴ እንዲጠገን፣ ጾሜን ስፈታ በየቀኑ በዳቦ ታበላኝ ጀመር። ማር መድኃኒት ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። የምትወደኝ ሴት በእጇ እያጎረሰች እንደምትጎዳኝ እሷም እኔም አላወቅንም።

ፋሲካ ሲቃረብ ሥራ ተደራረበ። አንድ ቀን የአንድ መምህር ኮት ስሰፋ መኪናዬ አልቆም አለችኝ። ፔዳሏ እንዲሰማኝ ብዬ በባዶ ቀኝ እግሬ ነው የምሰፋው። እግሬን ያነሳሁ መስሎኛል፣ እሷ ግን ትበራለች፤ እጅጌውን ከደረቱ ጋር አጣብቃ ሰፋችው። ዝቅ ብዬ ሳይ እግሬ ፔዳሉ ላይ ተጭኖ ተቀምጧል። የእኔ መሆኑን ያወቅሁት በዓይኔ ስላየሁት ብቻ ነው። ክው አልኩ። ዋለልኝ ግን ዲናሞህ ታሟል፣ አሠራው አለኝ፤ እኔም ይህን መስማት ነበር የፈለግሁትና ወስጄ አሳየሁት። ዲናሞው ምንም አልሆነም።

በሆሳዕና ሰሞን መብራቱ ስለደከመ የኤሌክትሪክ ካውያ አልሞቅ አለ። ስለዚህ የከሰሉን ካውያ አውጥተን በእሱ እንተኩስ ነበር። ፍም ሞልቼ ከመኪናዬ አጠገብ መሬት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ክዳኑ መቼ እንደላላ አላውቅም፤ ፍም ወድቆ በእግሬና በፔዳሉ መካከል ገብቶ ኖሯል። እኔ እሰፋለሁ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ጨርቅ ነው ብዬ የያዝኩትን ሱሪ አገላበጥኩ፣ ቁርጥራጩን አገላበጥኩ፣ ምንም የለም። ሽታው ደግሞ የጨርቅ አይደለም፣ የሥጋ ነው። በሁዳዴ ማን ነው ሥጋ የሚጠብሰው ብዬ ወደ መንገዱ ቀና አልኩ።

«አስማረ» አለ ዋለልኝ፤ ድምፁ ተለወጠብኝ። «እግርህን አንሳ።»

አነሳሁት። ፍሙ ከትንሿ ጣቴ ሥር ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። ዋለልኝ በመቀስ ጫፍ ነው ያላቀቀው። አላመመኝም። እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። እንደ ሕፃን ብጮህ ይሻለኝ ነበር። የነበሩት ደንበኞች ግን ወንድነቴን አደነቁ፤ ቃል እንኳ አልተነፈሰም እያሉ ለሌላው አወሩ። እኔም አልካድኩም።

የሻረግ ቁስሉን ማር ቀብታ በነጠላ ቁራጭ አሰረችልኝ፤ ማር ቁስል ያደርቃል ይባላል። ስለማያመኝ የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጠጠሩ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ስሰግድ ዋልኩ። ቁስሉ መከፈቱን ያየነው ማታ ጨርቁ በአፈርና በደም ጨቅይቶ ስንፈታው ነው። የፋሲካ ማግሥት ጣቴ ጠቆረ። ሽታም አመጣ።

እህቴ ትብለጥ ሞጣ ነው ትዳሯ። ታላቄ ናት፤ እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለበዓሉ ልትጠይቀን መጥታ ገና ደጃፉን ስትረግጥ በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። ጨርቁን ፈትታ እግሬን አየችና ወደ የሻረግ ዞረች፤ ያን ዕለት የተናገረቻትን እዚህ አልጽፈውም። የሻረግ አለቀሰች። እኔ መካከል ተቀምጬ ሁለት የምወዳቸው ሴቶች በእግሬ ምክንያት ሲጣሉ አያለሁ። ትብለጥ ሞጣ ሆስፒታል ይሂድ አለች፣ የሻረግ ጠበል ነው የሚያድነው አለች። ያን ሰሞን በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ማንም የትም አልሄደም። እንዲህ እንደሆንን ትኩሳት ያዘኝ፣ ማስመለስ ጨመረበት፤ ጥቁረቱም ወደ ቀጣዩ ጣት ተሻገረ። እንቅልፍ ሲነሳኝ ብርድ ልብሱን ገልጬ በስልኬ መብራት አየዋለሁ። ቀይ ነገር ከቁርጭምጭሚቴ በላይ መውጣት ጀምሯል። ሰዉ ሁሉ ተኝቷል፣ እሱ ብቻ ነው የሚሠራው።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት የትብለጥ ቃል ጸንቶ ሦስታችንም በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚኒባስ ወጣን። ብርድ ነበር፣ ሹፌሩ ግን መስኮቶቹ እንዲከፈቱ አደረገ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ ተሳፋሪውም አልጠየቀም። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ ኋላ ዞር ብለው ጋቢያቸውን አለበሱኝ፤ ሞጣ እስክንደርስ ድረስም ልመልስ ብላቸው አልተቀበሉኝም። እንዲህ ያለውን ደግነት ሰው አይረሳም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ተራ ያዙ ተባልን። ያ አግዳሚ ወንበር ከዓይኔ አይጠፋም። ከግራም ከቀኝም የተቀመጡት እኩዮቼ ናቸው፤ አንዱ መምህር ነኝ አለ፣ አንዱ የቢሮ ሠራተኛ፣ አንዱ ሹፌር። ግማሾቹ እግራቸውን እንደ እኔ ጠቅልለዋል፤ አንደኛው ደግሞ ዓይኑ ጠፍቶ በሚስቱ ክንድ ተደግፎ ነው የመጣው። ቁጭ ብለን የኖርን ሰዎች እዚህም ቁጭ ብለን ተራችንን እንጠብቃለን። በሩ ሲከፈት ሁሉም ቀና ይላል፣ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ደግሞ እፎይ የሚል ይመስላል።

ነርሷ ጣቴን ወግታ አንድ ጠብታ ደም በትንሽ መሣሪያ ወሰደች። መሣሪያው ቁጥር አልሰጥም አለ። ሌላ ጣቴን ወጋች፣ አሁንም እምቢ አለ። ተበላሽቶብሽ ነው? አልኳት። አልተበላሸም፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር መሣሪያው ከሚችለው በላይ ሲሆን ነው እንዲህ የሚያደርገው ብላ ሐኪም ልትጠራ ወጣች። ስትወጣ በሩጫ ነበር።

ሐኪሙ ከጅማ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። እጄ ላይ ግሉኮስ የሌለበት ጨዋማ ውሃና ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት እያስገቡልኝ፣ ምን እንደሆንኩ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የበላሁት ስኳር ወደ ሥጋዬ መግባት አቅቶት ደሜ ውስጥ እየተጠራቀመ ኖሯል። በሽንት ሲወጣ ውሃውን ይዞ ስለሚወጣ ነው የጠማኝ። ዓይኔን ያፈዘዘውም፣ ያከሳኝም እሱ ነው። ለብዙ ዓመት ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሥጋ ስኳር መቀበሉን ይተዋል አለኝ፤ ሆድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ሰውየው ምንም ሳይሰማው ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ሲናገር ኑሮዬን በመስኮት ሲያይ የኖረ ነበር የሚመስለው። ታዲያ ፍም እግሬ ላይ ሲነድ ለምን አላመመኝም አልኩት።

«ጋሼ፣ ሕመም ዘበኛ ነው» አለኝ። «የእግርዎ ዘበኛ ከሞተ ቆይቷል።»

ከዚያ ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው። ሁለቱ ጣቶች ሞተዋል፣ ይቆረጣሉ አለ። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ወደ ላይ ወጥቶ ከሆነ ግን እግሬ ከጉልበት በታች ይቆረጣል፤ ያንን የሚያውቀው ከከፈተው በኋላ ነው። ለሁለቱም አስቀድሜ እንድፈርም ፈለገ። ቀኝ እግሬ ነው፣ የምሰፋበት እግር፤ ልጆቼን ያስተማርኩበት፣ ቤቴን የሠራሁበት እግር። እሱ ከሄደ እንጀራዬም አብሮ ሄደ።

«ስነቃ እግር ይኑረኝ አይኑረኝ ሳላውቅ ነው የምተኛው?» አልኩት።

አዎ አለኝ። አልዋሸኝም፣ ስለዚህ አመሰግነዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አልፈርምም አልኩ። የሻረግም ደግፋኝ፣ ጠበል እወስደዋለሁ ብላ ልብሴን መሰብሰብ ጀመረች። ትብለጥ ኮሪደሩ ላይ ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

ከጎኔ አልጋ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ እህል ነጋዴ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሱቃቸው በር ላይ ጆንያ ተደግፈው ነው የኖሩት። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። ቀልደኛ ናቸው፤ ነርሶቹ ገና ሲገቡ ነው የሚያስቋቸው። ቤተሰቦቻቸው ምግብ ሲያመጡ ለእኛም ሻይ ያለ ስኳር አስቀድተው ይሰጡን ነበር። እኔ አልፈርምም ስል ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔንም መጀመሪያ ጣት ብቻ ነበር ያሉኝ» አሉኝ። «ልጆቼን ላማክር ብዬ ቤቴ ገባሁ። ስመለስ ጣት የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።»

ትብለጥ ይህን ከበሩ ላይ ሰማች። ወዲያው ቢቸና ወዳሉት የንስሐ አባታችን ወደ መምሬ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ብዙ አደከማት። በመጨረሻ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስታደርገው የሻረግ አጠገቤ ቆማ ታዳምጥ ነበር። መምሬ ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ «ጠበሉን ካለህበት ድረስ እኔ አመጣልሃለሁ፤ አንተ ፈርም» አሉኝ። የሻረግ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እስክሪብቶውን ያቀበለችኝ ግን እሷ ናት።

ስነቃ ወደ እግሬ ማየት ፈራሁ። ዓይኔን ጣራው ላይ ተክዬ ማነው ያለው አልኩ። ትብለጥ ነበረች። ምን እንደምጠይቃት አውቃለች።

«አለ» አለችኝ።

ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም። ሁለት ጣቶቼ ሄደዋል፣ እግሬ ተርፏል። መምሬም ቃላቸውን ጠብቀው፣ መንገዱ ሲፈቅድ፣ ጠበሉን ይዘው መጡ።

ጋሽ ሰይድን ግን እኔ ገና ከዚያው ሳልወጣ ቀኝ እግራቸው ላይም ጥቁር ነገር ታየባቸው። ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ተባሉ። ከአልጋቸው ሲያነሷቸው አልቀለዱም፤ እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ፣ ያ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። ለመጠየቅም ድፍረቱ የለኝም።

ቁስሉ እስኪደርቅ ክረምቱን ሙሉ ትብለጥ ቤት ተቀመጥኩ። ሁለቱ ሴቶች መጀመሪያ ስለ እኔ ቁስል ብቻ ነበር የሚነጋገሩት፤ ኋላ አንደኛዋ ስትደክም ሌላዋ ፋሻዬን እየቀየረች ቀስ በቀስ ታረቁ። ኢንሱሊኑን ሆዴ ላይ መወጋት ተማርኩ። ሙቀት ስለሚያበላሸው፣ ማቀዝቀዣም መብራት ሲጠፋ ዋጋ ስለሌለው፣ ነርሷ እርጥብ አሸዋ ባለበት ሸክላ ውስጥ እንድናኖረው አሳየችን። ስኳር ትተዋለህ ስትለኝ በደስታ ተስማማሁ፤ ምን ቸገረኝ፣ ማር አለኝ አልኳት። ግንባሯን ያዘች። ማርም ያው ነው፣ ለስላሳውም ያው ነው ስትል የየሻረግ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያንን ሁዳዴ ሙሉ ያጎረሰችኝን እያሰበች ነበር። አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እኔም አላወቅሁ አልኳት፤ ግን ሰው በቃል ብቻ አይጽናናም። የተረፈው ማር እስከ ዛሬ እንደታሸገ ነው፤ አትነካውም፣ ለሰውም አትሰጠውም።

ቢቸና ስመለስ ቁስሉ ደርቆ ስለነበር ሐኪሙ በየቀኑ እንድራመድ አዞኛል። ቀላል መስሏችሁ ይሆናል። ጠዋት ስወጣ ባጃጁ ሁሉ ይቆማል፤ ግባ፣ በነጻ ነው ይሉኛል። የሚያውቀኝ ሁሉ ምነው በደህና ነው እያለ ያስቆመኛል። አንዲት ጎረቤታችንማ የሻረግን፣ ተጣልታችሁ ነው እንዴ በጠዋት ከቤት የሚወጣው ብላ ጠይቃታለች። በእኛ ከተማ ያለ ጉዳይ የሚራመድ ጎልማሳ ወይ ከስሯል ወይ ከሚስቱ ተኳርፏል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ወረቀት በእጄ ይዤ፣ ጉዳይ ያለው እየመሰልኩ ነበር የምሄደው።

መስፋቱን ትቻለሁ። ፔዳል የማይሰማው እግር ይዞ መኪና ላይ መቀመጥ አይቻልም። አሁን ቆራጭ ነኝ፤ ረዥም ጠረጴዛ አሠርቼ፣ ቆሜ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ የሚሰፋው ዋለልኝ ነው። ቆሞ የሚሠራ ሰፊ እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

የማያስቀኝ ዋለልኝ ራሱ ነው። ሆዱ ከእኔ የድሮው ይብሳል። ሰሞኑን ደግሞ የውሃ ፕላስቲክ ከእጁ አይለይም። ተለካ ብዬ ለመንኩት፣ አብሬህ ልሂድ አልኩት፣ በመጨረሻም ተጣላሁት። ካልተለካሁ የለብኝም እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ቀን ግን ቀልዱን ተወና መኪናውን አቁሞ አየኝ።

«እግርህ ሲቃጠል ያየሁት እኔ ነኝ፣ አስማረ» አለኝ። «እፈራለሁ።»

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፣ እኔም ቤት አድሯል። ግን በሽታው ስለፈራነው አይቆምም። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ሱሪ ሲጠብባችሁ ወደ እኔ ከማምጣታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱና ጣታችሁን አስወጉ። ለጥማታችሁ፣ ለክሳታችሁ፣ ለመደንዘዛችሁ ለየብቻ ምክንያት አትፈልጉ። ሳያምማችሁ ሂዱ። ሲያመኝ እሄዳለሁ ያለ ሰው ላያመው ይችላል።

እኔ ድኛለሁ ልላችሁ አልችልም፤ እግሬን ራሴ እየጠበቅሁት ነው የምኖረው። ባለፈው ሰሞን በደብረ ወርቅ መውጫ በኩል ማልጄ ስራመድ ነበር። ሐኪሙ ባዘዘኝ ሰፊ ጫማ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ብላኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምሄደው። ከኋላዬ ወደ ገበያ የምትሄድ አንዲት ወጣት ሴት ተጣራች።

«ጋሼ፣ ጫማዎ ወልቋል» አለችኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ቀኝ እግሬ በካልሲ ብቻ ኮረቱ ላይ ቆሟል። ጫማው ወደ ኋላ ርቆ መንገዱ መሃል ተቀምጧል። ያንን ሁሉ ስረግጥ አልሰማሁም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬን አንስቼ ሌላው ጉልበቴ ላይ አጋደምኩት፣ እጄ ግን ካልሲውን ለማውለቅ እምቢ አለኝ። ልጅቱ ጫማውን አንስታ አመጣችልኝና ፊቴን አይታ ደነገጠች።

«ምነው፣ አመመዎ እንዴ?»

«የለም፣ አላመመኝም» አልኳት።

እሷ እፎይ አለች። እኔ ካልሲዬን ገና አላወለቅሁም ነበር።